አማካዩ ክረምት ላይ ወደቀ

«ተራዬ መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ቀን ነው። የሚያገኘው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጠብቁ፣ ይነገራችኋል» የሚል ነው። እኔ ቢቸና ሒሳብ አስተምራለሁ። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት አገር ውስጥ በገባ ሰሞን ሞጣ ያሉት አክስቴ ደጋግመው እየደወሉ መፈናፈኛ አሳጡኝ። «አንተ እኮ የቁጥር ሰው ነህ፤ አስላና ንገረኝ» ይላሉ። እኔም እርሳስ አንስቼ ማስላት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ የክትባት ወረፋን በተመለከተ የገባኝን ነገር ነው የምጽፈው። ኮሮና ቢረሳም ወረፋው አልቀረምና።

መነሻውን ላስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱም ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል መሰጠት ጀመረ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 28፣ ክትባትን ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ያህል መጠን የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ደርሷል። የተመረተው ሕንድ ውስጥ ባለው ሴረም ኢንስቲትዩት ነበር። መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎችና ግንባር ቀደም ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑና ከ55 ዓመት ጀምሮ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው እንዲከተቡ ተወሰነ። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ማብቂያ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛውን የመከተብ ዕቅድ ተያዘ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መከተብ ነበረበት፤ በመካከሉ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቃል።

ወፍጮ ቤት የተሰለፈ ሰው የዚህን ሒሳብ ግማሹን ያውቀዋል። ብልኅ ገበሬ ከፊቱ የቆመውን ሰው አይቆጥርም፤ ከረጢቱን ነው የሚቆጥረው። አንዱ ሁለት ኩንታል ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ለእራት የምትሆን ቁና። ቀጥሎ ወፍጮው በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ ይጠይቃል። ከዚያ ያካፍላል። የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መብራት አለ?» ዴንማርካዊው ኤርላንግ የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች አጥንቶ የሰልፍን ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1909 መጻፍ ሲጀምር፣ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 የሚጠብቀው ሰው ብዛት፣ የፍሰቱና የጥበቃው ጊዜ ብዜት መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ሁለቱም የያዙት ይህንኑ የወፍጮ ቤት ሒሳብ ነው። የሊትል ቀመር ግን ፍሰቱ በረጅሙ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን ይፈልጋል። መብራቱ እንዳይጠፋ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ሦስት ቁጥር ያስፈልገኛል፤ ከፊታቸው ስንት ሰው አለ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ይመጣል፣ ክትባቱ በምን ያህል ፍጥነት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ቁጥር ገና ከመነሻው አስቸገረኝ። ወረፋው በዕድሜ ከሆነ ዕድሜ መታወቅ አለበት። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ያን ጊዜ አክስቴ የልጅ ልጅ አይተው ነበር። «አንቱ መቼ ነው የተወለዱት?» አልኳቸው በስልክ።

«ጥርስ ያወጣሁት በላይ ዘለቀ የተሰቀለ ዓመት ነው፤ እናቴ እንዲያ ትለኝ ነበር።»

ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ከዚህ የበለጠ የልደት ካርድ የለም። በላይ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በጥር 1937 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ጥርስ የሚያወጣው በስድስት ወሩ ገደማ ስለሆነ አክስቴ የ1936 መጨረሻ ልጅ ናቸው። በ2013 መጋቢት 76 ሞልተው 77ኛውን ይዘዋል። መታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ግን 60 ነው! መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ ፊታቸውን አይቶ ገመተ መሰለኝ፤ እርሳቸውም ወጣት መባሉን አልጠሉትም። እንግዲህ በእናታቸው ቃል ከሄድን ሁለተኛው ተርታ ላይ ናቸው። በወረቀቱ ከሄድን ግን ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለባቸው ማስረዳት አለባቸው። የጤና ሠራተኛዋ የምታየው ወረቀቱን ሊሆን ይችላል፤ የተሸበሸበውን እጅ ልታይም ትችላለች። ይህን የሚመልስ ቀመር የለኝም። ለጊዜው የእናታቸውን ቃል ተቀበልኩ።

ቀጠልኩ። የአገራችን ሕዝብ 115 ሚሊዮን ገደማ ነው ብንል፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከመቶው ሦስት ተኩል ያህል ናቸው። ወደ አራት ሚሊዮን ይጠጋሉ። በእርሳቸው ተርታ ውስጥ ትልቁ ይቅደም የሚል ደንብ ስለሌለ ቀድሞ የደረሰ ይከተባል። ስለዚህ አክስቴን መካከል ላይ አቆምኳቸው፤ ከፊታቸው ሁለት ሚሊዮን አረጋዊ። የጤናና የግንባር ሠራተኞችን በግምት ግማሽ ሚሊዮን አደረግኳቸው። ድምሩ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሰው ሆነ። ከ55 ዓመት በላይ ያሉትን ሕሙማን ሆን ብዬ ተውኳቸው፤ ሒሳቡ እነርሱ ሳይጨመሩም የሚናገረውን ይናገራል።

አሁን የመጣውን ክትባት እንይ። 2.2 ሚሊዮን መጠን ማለት፣ ግማሹ ለሁለተኛው ዙር ከተቀመጠ፣ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ይበቃል። የተፈቀደለት ሁሉ ከመጣ አክስቴ አይደርሳቸውም። ከአሥሩ አራቱ ብቻ ከመጡ ግን ከፊታቸው ያለው አንድ ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ይደርሳቸዋል። የእርሳቸው ተራ የተንጠለጠለው በራሳቸው ላይ አልነበረም፤ በሌላው ሰው ጥርጣሬ ላይ ነበር። በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱና በየለቅሶው ስለ ክትባቱ የሚወራው ብዙ ነበር። ያንን ወሬ የሰማ ሁሉ ሰልፉን ጥሎ ሲሄድ የቀረው ሰው ወደፊት ይጠጋል። የሚያሳዝን ነው፤ ግን ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ግምቱ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ። በዚያው መጋቢት አጋማሽ ሕንድ ውስጥ ወረርሽኙ ስለበረታ ወደ ውጭ የሚላከው ክትባት ቆመ። የኮቫክስ ጭነት ዘገየ። ሁለተኛው ዙር በቀጠሮው ሊሰጠው የሚገባ ሰው ሞልቶ ሳለ ብልቃጡ የለም። ሐምሌ ላይ ከአሜሪካ የመጣው 453,600 መጠን የጆንሰን ክትባት እንደ ጠብታ ነበር። ክትባቱ በብዛት መግባት የጀመረው አዲሱ ዓመት ከጠባ በኋላ ነው።

ለአክስቴ የሠራሁት ግምት እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ወይ እስከ ግንቦት 2013 ይከተባሉ፣ ወይ ደግሞ ከመስከረም 2014 በኋላ። ሁለት ጉብታ ያለው ግምት ነው፤ በመካከሉ ሸለቆ አለ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ወስዶ አማካዩን ቢያወጣ ምን ይደርሰዋል? ሐምሌና ነሐሴ! ከሁሉ ይልቅ ክትባት የማይገኝበት ጊዜ፤ ያውም መንገዱ ጭቃ በሆነበት ክረምት። ተማሪዎቼን አማካይ ሳስተምር ይህን ምሳሌ አሁንም እጠቀምበታለሁ። ለሰው የአማካዩን ወር ብቻ መንገር፣ በዝናብ ከገጠር አስወጥቶ ባዶ ማቀዝቀዣ እንደ ማሳየት ነው። ሰውየው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

«ወይ ቶሎ ነው፣ ወይ ከመስቀል በኋላ ነው፤ በክረምቱ አይድከሙ» አልኳቸው። አክስቴ ሳቁ። «ይህን ለማወቅ ነው እስከ ዩኒቨርሲቲ የተማርከው?» አሉኝ። ግን ተረዱኝ። በክረምቱ አንድም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አልወጡም፤ የተከተቡት በየካቲት 2014 ዘመቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰጠው በጆንሰን። ወረቀቱን ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያን ጊዜ ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይከተብ ነበርና።

በእንግሊዝ አገር በዚያው ወቅት ሰው ዕድሜውንና ሥራውን አስገብቶ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለና ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚጠብቅ የሚነግር ማስሊያ በኢንተርኔት ነበረ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 በኮቨንትሪ አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት ተከትበው ሥራው ተጀመረ፤ ሰልፉ በዘጠኝ ተርታ የተከፈለ ነበር። ማስሊያው የሠራላቸው ከእኛ የተሻለ ሒሳብ ስለሚያውቁ አይደለም። የልደት ቀን ስለተመዘገበ፣ የሳምንቱ የክትባት ቁጥር በይፋ ስለሚነገርና ጭነቱ ብዙም ስለማይቋረጥ ነው። እነርሱም ቢሆን አንድ ውሳኔ መላ ሰልፉን ሲያናውጠው አይተዋል። በዚያው ወር መጨረሻ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መካከል ያለው ጊዜ ከ3 ሳምንት ወደ 12 ሳምንት እንዲረዝም ተወሰነ። ለሁለተኛው ዙር ሊውል የነበረው ብልቃጥ ለመጀመሪያው ስለዋለ አዲስ ተሰላፊ ተራው ቶሎ ደረሰው፤ አንዱን ወስዶ ሁለተኛውን የሚጠብቅ ሰው ግን ተራው ራቀበት።

ሌላው ወጥመድ የዛሬን ፍጥነት ይዞ ቀጥ ያለ መስመር መሳል ነው። በአገራችን በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የተሰጠው ሁለት ሚሊዮን ያህል መጠን ነው። በወር ግማሽ ሚሊዮን። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው 23 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲከተብ 46 ሚሊዮን መጠን ይፈልጋል። ሲካፈል 92 ወር ይመጣል። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ! በዚያ ክረምት እንዲህ ያለውን ስሌት ሠርተው ተስፋ የቆረጡ ባልደረቦች ነበሩኝ። ነገር ግን በኅዳር 2014 የመጀመሪያው አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ፤ በየካቲቱ ዘመቻ ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመከተብ ታቀደ። ክትባቱ የመጣው እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ ጎርፍ ነው። በጎርፍ ጊዜ የትናንቱን ውኃ ለክቶ የነገውን መናገር አይቻልም፤ መጠየቅ ያለበት «ቀጣዩ ጭነት መቼ ይነሣል?» ተብሎ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትልቁ ሰልፍ ነው። ትንሹ ሰልፍ ግን በየቀበሌው ዛሬም አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝም እርሱ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ባለሙያዎቹ ቢሲጂ የሚሉት፣ በአንድ ብልቃጥ 20 ሕፃን የሚከተብበት ሆኖ ይመጣል። ዱቄቱ ተበጥብጦ ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። የኩፍኝም እንዲሁ ነው። የፖሊዮ ጠብታ ግን ቅዝቃዜው ከተጠበቀ ተከፍቶም እስከ 28 ቀን ያገለግላል። አሁን አንድ ጤና ኬላ እንውሰድ። የሚያገለግለው አምስት ሺህ ሰው ያህል ነው። ከሺህ ሰው በዓመት 30 ሕፃን ይወለዳል ብንል 150 ሕፃን ይሆናል፤ በሳምንት ሦስት ገደማ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ብልቃጡ እንዳይባክን 20 ሕፃን እስኪሞላ ብትጠብቅ ሰባት ሳምንት ያልፋል። በወር አንድ ቀን ብትከፍት 12 ወይም 13 ሕፃን ትከትባለች፤ ሰባት ስምንቱ መጠን ይደፋል። አንዲት እናት የመጣችበት ቀን ከመክፈቻው ቀን ካልገጠመ በአማካይ ግማሽ ወር ትጠብቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚል ነው፤ ሕፃኑ ከመድኃኒቱ ይበልጣልና። ነገር ግን ስላባከነችው የምትጠየቅ ሠራተኛ እጇ ይሳሳል። እኔ በእርሷ አልፈርድም፤ የምፈርደው ብክነትን ቆጥሮ የተመለሰችውን እናት በማይቆጥር ሪፖርት ላይ ነው።

እዚህም አማካዩ ያታልላል። እናቶች በዘፈቀደ አይመጡም። በእኛ አካባቢ ብዙ አራስ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት ማራቅ አትወድም። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ትጠመቃለች። የክትባት ካርዱ ደግሞ ቢሲጂን በተወለደ ጊዜ፣ ቀጣዩን በ45 ቀን ይላል። ወንዱ ከክርስትናው አምስት ቀን ቆይቶ ይደርሳል፤ ሴቷ ግን እናቷ ደንቡን ካጠበቀች ከአንድ ወር በላይ ታልፋለች። ገበሬው ደግሞ በሚካኤልና በማርያም ስለማያርስ ጤና ጣቢያው በ12ና በ21 ይጨናነቃል። በእነዚህ ቀናት ማግስት ብልቃጥ የሚከፍት መርሐ ግብር አይቻለሁ። አንድ ቀን ቀደም ቢል ያለ ምንም ወጪ የስንቱ እናት ጥበቃ ባጠረ! ከሞጣ በታች ወደ አባይ ቆላ የምትኖረው እናት ደግሞ «ሐሙስ ነይ» ስትባል አንድ ሙሉ ቀን ዳገት ወጥታ ነው የምትመለሰው። ለእርሷ ግማሽ ወር ማለት ብዙ ጊዜ «ከእንግዲህ አልመጣም» ማለት ነው።

በትምህርት ቤትም አንድ ሰልፍ አይቻለሁ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ የተፈቀደው 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁለት ጊዜ። የዚያን ጊዜ ተራን ማስላት ቀላል ነው፤ የ10 ዓመቷ ልጅ አራት ዓመት ትጠብቃለች፣ የ15 ዓመቷ ግን አልፏታል። በኋላ አንድ ጊዜ መከተብ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ተናገሩ። አንድም ተጨማሪ ፋብሪካ ሳይተከል ሰልፉ በግማሽ አጠረ። በ2017 ዓ.ም. አገር አቀፍ ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲከተቡ ታቀደ፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች። ተራን የሚያሳጥረው ሁልጊዜ ተጨማሪ ክትባት አይደለም። አንዳንዴ ስንት ጊዜ መወጋት ያስፈልጋል የሚለውን እንደገና መመርመር ነው።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሯል። ክትባት ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያም በግንደወይንና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና ይወርዳል። ሙሉውን መንገድ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መንገድ ሲዘጋ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል። በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቀን የሚነግር ሰው ካለ አትመኑት።

መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ግን ሰውን በጨለማ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ያለኝ ልመና አንድ ወረቀት ነው፤ በር ላይ የሚለጠፍ። ምን ያህል መጠን እንደገባ፣ እስካሁን ስንት ሰው እንደተከተበ፣ ቀጣዩ ጭነት ቢፈጥን መቼ ቢዘገይ መቼ እንደሚደርስ ይጻፍበት። ቢሲጂና ኩፍኝ የሚከፈቱበት ቀንም ከታች ይጨመር፤ የሚቻል ከሆነ የበዓሉ ቀን ይሁን። ማንበብ ለማይችሉት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገር። እናንተም ሕፃን ይዛችሁ ስትሄዱ ካርዱን አትርሱ፤ «ሌላ ቀን ኑ» ከተባላችሁም «የትኛው ቀን? ብልቃጡ በእርግጥ ይከፈታል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትመለሱ።